በጎ ሥራ እንደ አምልኮ፦ የአውራ አምባ መንገድ

አውራ አምባ ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ፣ በፎገራ ወረዳ የሚገኝ ማኅበረሰብ ነው። ዙምራ ኑሩ ከጥቂት ተከታዮቻቸው ጋር በ1964 ዓ.ም. መሠረቱት፤ በደርግ ዘመን አባላቱ ወደ ቦንጋ ተሰደው፣ ከሥርዓት ለውጡ በኋላ ተመልሰዋል። በፈጣሪ ያምናሉ፤ ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም ግን የላቸውም። ፈጣሪን ማክበር ለሰው በጎ ከመሥራት ይለያል ወይ ለሚለው ጥንታዊ ጥያቄ መልሳቸው ኑሯቸው ነው።

ጧሪ ያጣ አዛውንት በጋራ መጦሪያ ቤት ይኖራል፤ ምግቡ ይቀርብለታል፣ ልብሱ ይታጠብለታል። ሴቶች ያርሳሉ፣ ወንዶች ይፈትላሉ፤ በሽመና ቤቱ ሁለቱም ጎን ለጎን ይሠራሉ። የኅብረት ሥራ ማኅበሩ አባላት ገቢያቸውን በዓመቱ መጨረሻ ይካፈላሉ፤ የዕለት ተዕለቱን አስተዳደር የሚመሩት የተመረጡ ኮሚቴዎች ናቸው።

ንብረትን በጋራ መያዝ ለአካባቢው እንግዳ አይደለም። በአንድነት ገዳማት መነኮሳት ከአንድ ማዕድ ይበላሉ፣ የግል ሀብትም አይኖራቸውም። ይሁንና መነኩሴው ትዳርን ትቶ ነው ወደዚያ የሚገባው፤ የአውራ አምባ ሰው ግን ከትዳሩና ከልጆቹ ጋር ሆኖ ነው ይህን የሚሞክረው፤ ይህ ደግሞ እጅግ ይከብዳል። ያለ ጸሎትና ያለ ሥርዓት በጎነት ለትውልድ አይዘልቅም የሚለው የምእመናን ተቃውሞ ሚዛን የሚደፋ ነው። ቢሆንም መንደሩ ከተመሠረተ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ በመንደሩ ተወልደው ያደጉ ልጆችም ዛሬ በሽመናው ላይ ተቀምጠዋል።