የእንግዳ እንጀራና የልጅ ድርሻ



የሰፈራችን ስም ቤቴል ነው። የታክሲ ረዳቱ «ቤቴል! ቤቴል!» እያለ ሲጣራ በየቀኑ እንሰማለን፤ ትርጉሙን የምናስታውስ ግን ጥቂቶች ነን። ቤቴል ማለት የእግዚአብሔር ቤት ማለት ነው። ስሙን ያወጣው ያዕቆብ ነው፤ ያን ጊዜ ያዕቆብ ከአባቱ ቤት ወጥቶ ወደ ሩቅ አገር የሚሄድ፣ ድንጋይ ተንተርሶ ሜዳ ላይ የሚያድር መንገደኛ ነበር (ዘፍ. 28)። እንግዲህ የመጀመሪያው ቤቴል ጣራና ግድግዳ አልነበረውም። ቤቱን የተለየ ሰው እግዚአብሔር በዚህም ስፍራ እንዳለ ያወቀበት ሜዳ ነበር።

ዛሬ ልንጽፍላችሁ ያሰብነው እንደ ያዕቆብ ከወላጆቻቸው ተለይተው ስለሚኖሩ ተማሪዎችና እነርሱን ስለሚቀበል ቤት ነው። እኛ ይህን የምንጽፍ የአንድ ቤት ሦስት ልጆች ነን። አባታችንና እናታችን ለብዙ ዓመታት እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የኮሌጅና የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን እየተቀበሉ ሲያበሉ፣ ሲመክሩና ወንጌል አብረው ሲማማሩ ኖረዋል። ጥያቄያችንም ይህ ነው፤ ወላጆች ስለ እግዚአብሔር ብለው የሚሰጡት የልጆቻቸውን ድርሻ ሲሆን፣ እንዲህ ያለውን ስጦታ መስጠት ይገባቸዋልን?

በአገራችን ተማሪን መመገብ አዲስ ነገር አይደለም። የቆሎ ተማሪ ለምዱን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ውሻ እየተከላከለ ከደጅ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል፣ እመቤቲቱ ከመሶቧ ቁራሽ ታወጣለታለች። የማን ልጅ እንደ ሆነ አትጠይቀውም። ዜማውና ቅኔው፣ ትርጓሜ መጻሕፍቱም እስከ እኛ ዘመን የደረሱት በየኔታ ትጋት ብቻ ሳይሆን፣ ስማቸው ባልተጻፈ እናቶች ቁራሽም ጭምር ነው።

በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ከተከፈተ ወዲህ ሌላ ዓይነት ተማሪ መጣ። ይህኛው መኝታና ምግብ አያጣ ይሆናል፤ የሚመክረውና የሚያጽናናው ግን ያስፈልገዋል። ስለዚህም በንጉሡ ዘመን ሃይማኖተ አበው የተባለ የተማሪዎች ማኅበር ነበር። በደርግ ዘመን ደግሞ የሸዋ ሊቀ ጳጳስ የነበሩት ብፁዕ አቡነ ጎርጎርዮስ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን በክረምት ወደ ዝዋይ እየሰበሰቡ ያስተምሩ ነበር። እኚህ አባት በሐምሌ 1982 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ዐረፉ። በ1983 ዓ.ም. ለወታደራዊ ሥልጠና ወደ ብላቴ የተላኩ ተማሪዎች በዚያ በጸሎት ይሰባሰቡ ነበር፤ በ1984 ዓ.ም. ማኅበረ ቅዱሳን ተመሠረተ። ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው ያሉትን ግቢ ጉባኤያት ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ።

ነገር ግን አንድ ልዩነት እናስተውል። አቡነ ጎርጎርዮስ መነኵሴ ነበሩ፤ ለተማሪው ጊዜያቸውን ሲሰጡ ከአብራካቸው ከተከፈለ ልጅ ላይ አልወሰዱም። ባለትዳር ሰው ግን አንድ ሰዓት ለተማሪ ሲሰጥ፣ ያቺ ሰዓት ከአንድ ሰው ላይ ትነሣለች።

በእኛ ቤት የሆነውን እንንገራችሁ። ቤታችን ሁለት ክፍል ነው። ተማሪዎቹ ሲመጡ የምናጠናበትን ክፍል እንለቃለን። እኅታችን የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ፈተና ሊደርስባት ሲል፣ አንድ እሑድ ደብተሯን ይዛ ማድ ቤት ገባች፤ ከጭሱ ጋር እየታገለች ታጠና ጀመር። አባባ በወዲያኛው ክፍል «ልጆቼ፣ ትምህርታችሁን አጥብቃችሁ ያዙ» እያለ ተማሪዎቹን ይመክራል። እርሷም ዓይኗ በጭስ ቀልቶ ወጣችና በሁሉ ፊት «አባባ፣ እኔስ ተማሪ አይደለሁም እንዴ?» አለችው።

ቤቱ ጸጥ አለ። እማዬ የያዘችውን ጀበና አስቀመጠች። ተማሪዎቹም አንድ በአንድ «ጋሼ፣ እንሂድ፤ እትዬ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን» እያሉ ወጡ። አባባ በዚያ ሌሊት ምንም አልተናገረም። በማግሥቱ ሦስታችንንም ጠራንና «ለእግዚአብሔር የሰጠሁ መስሎኝ ከእናንተ ወስጃለሁ። ምን ትላላችሁ?» አለን። እንዲህ ተጠይቀን አናውቅም ነበር። ትንሹ ወንድማችን «ይምጡ፤ ግን አልጋዬ ላይ አይቀመጡ» አለ። ከዚያ በኋላ ጉባኤው በየአሥራ አምስት ቀኑ ሆነ፤ የረቡዕ ምሽት የእኛ ብቻ ሆነች። ከተማሪዎቹም አንዱ የእኅታችንን ሒሳብ ሊያስጠናት ቀደም ብሎ ይመጣ ጀመር።

ስለዚህ ነገር ስናስብ የሰራፕታዋ መበለት ትታሰበናለች (1ኛ ነገ. 17)። በማድጋዋ የቀረው ዱቄት ለእርሷና ለልጇ የመጨረሻ እራት ነበር። ኤልያስ ግን አስቀድማ ለእርሱ እንድትጋግርለት ለመናት፤ እርሷም ሰጠችው። ልጁ በዚያ ሰዓት ምን እንዳለ አልተጻፈልንም። ብዙ ጊዜ የምንሰብከው ዱቄቱ እንዳላለቀ ነው። ታሪኩ ግን በዚያ አይቆምም፤ ልጁ ታሞ በሞተ ጊዜ ኤልያስ ከእናቱ ብብት ወስዶ በራሱ አልጋ ላይ አጋደመው፤ ነፍሱ እንድትመለስለትም ወደ እግዚአብሔር ጮኸ። የልጁን ድርሻ የበላ እንግዳ ስለ ልጁ ሕይወት ጸለየ።

ከዚህ የተረዳነው እንዲህ ነው። እንጀራ ሲካፈሉት ለሁሉም ትንሽ ትንሽ ይደርሳል፤ የተራበ ሰው ከደጅ ቆሞ ሳለ ልጅ እስኪፈቅድ መጠበቅም አይገባም። የአባት ጆሮና የእናት ዓይን ግን እንደ እንጀራ አይቆረሱም። ልጅ ደብተሩን ይዞ በቆመበት ሰዓት ለሌላ የተሰጠ ጆሮ ለእርሱ ፈጽሞ ያልተሰጠ ነው። ስለዚህ ወላጅ እንጀራውን ያለ ፍርሃት ይስጥ፤ ጊዜውን ሲሰጥ ግን አስቀድሞ ልጆቹን ይጠይቅ። የተጠየቀ ልጅ ከተወሰደበት ሰው ይልቅ ወደ ሰጪው ይቀርባል።

በእንግድነት የምትበሉ ተማሪዎችም አስቡ። በየቤቱ ከመሶቡ ጀርባ አንድ ዝም ያለ ልጅ አለ። ስሙን ጠይቁት፤ ደብተሩንም እዩለት።

ሁሉ ነገር ተስተካከለ ብለን ግን አንዋሻችሁም። ታላቅ ወንድማችን አሁን ጎንደር ይማራል፤ ሐሳቡን የተቀበልነው በስልክ ነው። «አባባ ደብተሬን ያላየባቸው ዓመታት አልተመለሱልኝም» ይላል። እኛም ይህን ቃል አልሰረዝንበትም። እርሱ ራሱ ግን በዚያ አንዲት እናት በበዓል ቀን እየጠሩ ያበሉታል። መጀመሪያ በሄደ ዕለት እንጀራው ሳይቀርብ በፊት የቤቱን ትንሽ ልጅ «እስኪ ደብተርህን አምጣ» እንዳለው ነግሮናል።

የቤቴል አምላክ ቤታችንን ለእንግዳውም ለልጁም የእርሱ ቤት ያድርግልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።