ወደ ኋላ የቀረው ጓደኛህ



ወንድሜ፣ ከአሪቻ ወደ ይርጋጨፌ ለጁሙዓ በእግር ስትሄድ፣ በቡናና በእንሰት መሐል ያለው ቀጭን መንገድ በዝናብ ያዳልጣል። ጓደኛህ ወደ ኋላ ቢቀር ትጠብቀዋለህ? ወይስ «ኹጥባ ያመልጠኛል» ብለህ ትቀድማለህ?

ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ከመካ ወጥተው ወደ ሰውር ዋሻ ሲሄዱ፣ አቡበከር (ረ.ዐ) አንዴ ከፊታቸው፣ አንዴ ከኋላቸው ይሄዱ እንደነበር ተዘግቧል። ከፊት የሚያደባ፣ ከኋላ የሚያሳድድ እንዳይኖር ሰግተው ነው፤ ለራሳቸው አልነበረም። በዋሻው ሦስት ሌሊት አብረው ቆዩ፤ ከዚያም በባሕሩ ዳርቻ በኩል ወደ መዲና ቀጠሉ። ይህን ጓደኝነት ቁርኣን ራሱ በሱረቱ ተውባህ አንቀጽ 40 አንስቶታል።

በረመዳን አጠገብህ ተራዊሕ ይሰግድ የነበረው ልጅስ? ሶላት ማቆሙን ሰምተሃል፤ ለሌላውም አውርተሃል፤ የእሱን በር ግን አላንኳኳህም። ዛሬ ቀደም ብለህ ውጣና በእነሱ ቤት በኩል እለፍ።