ተአምርና ምስክርነት

በግፍ ያለቀ ሕዝብን ሞት ደራሲ በተአምር ሊተርከው ይገባዋልን? ጥያቄው ከውበት አልፎ ኅሊናን ይነካል።

ምትሐታዊ እውነታዊነት የሚባለው የአጻጻፍ ስልት የማይሆነውን ነገር እንደ ዘወትር ኑሮ አድርጎ ያቀርባል። እስራኤላዊው ደራሲ ዴቪድ ግሮስማን እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተመው ልብ ወለድ፣ ፖላንዳዊው አይሁድ ደራሲ ብሩኖ ሹልዝ ከናዚዎች አምልጦ ባሕር ይገባል፤ ከዓሦች መንጋ ጋርም ይዋኛል። እውነተኛው ሹልዝ ግን በ1942 በድሮሆቢች ከተማ መንገድ ላይ በጌስታፖ ሹም ተተኩሶበት ሞቷል። ደራሲው አንባቢውን አላታለለም። ናዚዎች 6 ሚሊዮን ያህል አይሁድ መፍጀታቸው በራሳቸው ሰነድ፣ በፍርድ ቤት መዝገብና በተራፊዎች ቃል የጸና ስለሆነ፣ ተአምሩ የጠፋው ሕይወት ምን ሊሆን ይችል እንደነበር ያሳያል እንጂ ግድያውን አይሸፍንም።

የጽሑፍ ማስረጃ በሳሳበት አገር ግን የደራሲው ኃላፊነት ይከብዳል። ከአዳማ ወደ አሰላ የሚወስደው መንገድ ዴራን አልፎ ሄጦሳ ወረዳ ይገባል። የራስ ዳርጌ ጦር በ1878 ዓ.ም. የአርሲን ሕዝብ ድል ካደረገ በኋላ፣ በዚሁ ወረዳ አኖሌ በተባለው ሥፍራ የወንዶች እጅና የሴቶች ጡት እንደተቆረጠ በአፍ ሲነገር ኖሯል። በ2006 ዓ.ም. የተመረቀው ሐውልት ጡት የያዘ እጅን ያሳያል። ስለ ድርጊቱ ማስረጃ ግን ክርክሩ አልበረደም። እንዲህ ባለ ሥፍራ የተቆረጠ እጅ ሲናገር የሚያሳይ ልብ ወለድ ቢጻፍ፣ ካጁ «ሁሉም ተረት ነው» ለማለት ይመቸዋል፤ ቂም ፈላጊውም ምናቡን እንደ ማስረጃ ይጠቅሰዋል።

ታዲያ ሰነድ እስኪሟላ ደራሲ ዝም ይበልን? ይህም ፍርደ ገምድልነት ነው፤ መጻፍ የቻለው በአመዛኙ አሸናፊው ነበርና፣ የተሸናፊው ሐዘን ማደሪያው ቃልና ምናብ ብቻ ሆኖ ቆይቷል። ይልቅስ ሁለቱ ሥራዎች ይለዩ። መምህሩና ተመራማሪው የሽማግሌዎችን ቃል፣ የተናጋሪውን ማንነትና ከማን እንደሰማው ጨምረው ሳያስጌጡ ይመዝግቡ። ደራሲው ምናቡን በዚያ መዝገብ ላይ ይገንባ፤ አንባቢም ምስክርነቱ የት አብቅቶ ተአምሩ የት እንደሚጀምር እንዲያውቅ ያድርግ። ሟቾቹ በሕይወታቸው የተነፈጉትን ክብር በልብ ወለድ ሊያገኙ የሚችሉት፣ አሟሟታቸው በቅድሚያ በእውነት ሲነገር ነው።