ያልተጠየቀ ነውር

ያልተጠየቀውን የማይናገር ሻጭ አታላይ ይባላልን? ጥያቄው የመጣብኝ በኢንተርኔት አንዲት አሮጌ ኦሜጋ የእጅ ሰዓት ለመግዛት ስደራደር ነው። ሻጩ በ1968 እ.ኤ.አ. የተሠራች ናት ይላል። ከፊቷ ግርጌ «ስዊስ ሜድ» ከሚለው ጽሑፍ ግራና ቀኝ «ቲ» ፊደል አለ፤ የሚያበራው ቀለም ትሪቲየም እንዳለበት ያመለክታል። ትሪቲየም ደግሞ በየ12 ዓመቱ ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። የዚያን ያህል ዕድሜ ያላት ሰዓት እንግዲህ በጨለማ እምብዛም አትበራም። በጨለማ ፎቶ እንዲያነሳልኝ ለመንኩት። እንደ ፋኖስ ትበራለች!

ቀለሙ በኋላ የተቀባ ነው። መቀባቱ በራሱ ነውር አይደለም፤ የተጠየቀው ዋጋ ግን ያልተነካች ሰዓት ዋጋ ነበር። ይህን ስነግረው «ማን ጠይቆኝ ደበቅሁ?» አለኝ። እውነቱን ነው፣ አልዋሸም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እጃቸውን ከእህል ክምር አስገብተው እርጥብ ያገኙበት ነጋዴም በቃሉ አልዋሸም ነበር፤ የተወቀሰው እርጥቡን ሰው እንዲያየው ከላይ ባለማድረጉ ነው።

እኔስ? መግዛቱን ትቼ ዝም አልኩ። በሦስተኛው ቀን ሰዓቷ በዚያው ዋጋ ተሸጠች። የጨለማውን ፎቶ ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ።