ስለ ማሞቂያና ስለ መብራት ዕዳ ርዳታ መጠየቅ ነውር ነውን?

አንባቢ ሆይ፤ ሰው በሞተበት ቤት የዕድር ገንዘብ ሲገባ ሐዘንተኛው አያፍርም፤ ገንዘቡ ከጎረቤት ኹሉ የተዋጣ እንደ ኾነ እያወቀ እጁን ዘርግቶ ይቀበለዋል። ነገር ግን ይኸው ሰው በሕይወት ሳለ የቤቱ መብራት ሊቈረጥበት ቢደርስ፥ ለጎረቤቱ ከመንገር ይልቅ በጨለማ መቀመጥን ይመርጣል። ለሙት ሲዋጣ ክብር፥ ለሕያው ሲዋጣ ውርደት የሚኾንበት ምክንያት ምንድር ነው?

ይህ ጥያቄ ከአገራቸው ወጥተው በብርድ አገር ለሚኖሩ ወገኖቻችን እጅግ የጸና ነው። በአሜሪካ፥ ይልቁንም በሚኔሶታ፥ በጥር ወር ብርዱ ከዜሮ በታች ከ20 ዲግሪ የሚያልፍበት ሌሊት አለ፤ ስለዚህ በዚያ የቤት ማሞቂያ እንደ እህል ያለ ነገር ነው፤ የጋዙና የኤሌክትሪኩ ሒሳብም በየወሩ ይመጣል። መንግሥቱም ገቢያቸው ያነሰ ቤተ ሰቦች ይህን ሒሳብ ይከፍሉ ዘንድ የሚረዳ ሕግ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1981 ዓመት አወጣ፤ ርዳታው በስሙ መነሻ ፊደሎች ላይሂፕ ይባላል። የመካከለኛው መንግሥት ገንዘቡን ለየክፍለ ግዛቱ ያካፍላል፤ ክፍለ ግዛቱም ብዙ ጊዜ በአመልካቹ እጅ ሳይሰጥ ለጋዙ ወይም ለኤሌክትሪኩ ኩባንያ ይከፍላል። (ስለዚህ ድኻው ገንዘቡን ተቀብሎ ይጠጣበታል እያሉ የሚያሙ ሰዎች ሐሜታቸው መሠረት የለውም።)

«እኔ ለምኜ አላውቅም» የሚል ሰው አለ። ቃሉ መልካም ይመስላል፤ ነገር ግን ብርዱ የሚያገኘው ቃሉን የተናገረውን ብቻ አይዶለም። ልጁ ካፖርቱን እንደ ለበሰ ያድራል፤ ሚስቱም የወጥ ቤቱን የጋዝ ምድጃ አንድዳ ቤቱን ለማሞቅ ትሞክራለች፥ ወይም በአገሯ እንደ ለመደችው ከሰል አቀጣጥላ ወደ መኝታ ቤት ታስገባለች። ከከሰልና ከጋዝ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው መርዝ ሽታም መልክም የለውም፤ በተዘጋ ቤት የተኙትን ሳይቀሰቅስ ይገድላል። በአገራችንስ በከሰል ታፍኖ ያለቀ ቤተ ሰብ ወሬ ያልሰማ ማን ነው? እንግዲህ አባት ስለ ክብሩ ዝም ሲል የዝምታውን ዋጋ የሚከፍሉት ሌሎች ናቸው። የራስን ችግር በትዕግሥት መሸከም መልካም ነው፤ የልጅን ብርድ በልጁ ፈንታ መታገሥ ግን ትዕግሥት ተብሎ ሊጠራ አይገባውም።

ደግሞም ዝምታ ከሕግ ጥላ ያወጣል። በሚኔሶታ ከኦክቶበር 1 እስከ ኤፕሪል 30 ቀን የድኻ ቤት ማሞቂያ እንዳይቈረጥ የሚጠብቅ ደንብ አለ፤ ነገር ግን ደንቡ የሚጠብቀው ችግሩን ለኩባንያው ነግሮ በየጊዜው የሚችለውን ለመክፈል የተስማማውንና ውሉን የፈጸመውን ነው። የማስጠንቀቂያውን ደብዳቤ ሳይከፍት በመሳቢያ የሚከተውን ሰው ማን ሊጠብቀው ይችላል?

አኹን ደግሞ ማፈርን ትቶ ወደ ማመልከቻው የመጣውን ሰው እንመልከት፤ እርሱም ሌላ ፈተና አለበት። ወረቀቱ በቤቱ ስንት ሰው እንደሚኖርና ምን ያህል ገቢ እንዳለ ይጠይቃል። ሕጉ የወሰነው ከፍተኛው ልክ መንግሥት የድኽነት ልክ ካለው አንድ እጥፍ ተኩል ወይም ከክፍለ ግዛቱ መካከለኛ ገቢ ከመቶ 60 እጅ፥ ከኹለቱ የሚበልጠው ነው። በዚህ ጊዜ የማታ ሥራ ያለው ሰው የማታውን ደመወዝ ሳይጽፍ ሊያልፍ ይፈተናል፤ «የመንግሥት ገንዘብ ነው፤ ማንን እጐዳለኹ?» ይላል። ማንን እንደሚጐዳ ግን የገንዘቡ አሠራር ያስረዳል። ይህ ርዳታ ለሚገባው ኹሉ የሚበቃ አይዶለም፤ በየዓመቱ የሚመደበው ልክ አለው፥ ባለቀ ጊዜም በሩ ይዘጋል፤ ከሚገባቸውም ቤተ ሰቦች የሚያገኙት ጥቂቶቹ ናቸው። እንግዲህ በሐሰት የተወሰደው ገንዘብ ከኋላው ተራዋን ትጠብቅ ከነበረች አሮጊት የተወሰደ ነው። ፊቷን አላየም፤ ስላላየም የሰረቀ አይመስለውም።

ከዚህ የሚከብድ ሌላ ጥያቄ ደግሞ አለ፤ እርሱንም በልባቸው የሚያወጡ የሚያወርዱት ቅኖቹ ናቸው። በሽማግሌዎች መጦሪያ ቤት የምታገለግል አንዲት ሴት እናስብ፤ ገቢዋ ከተወሰነው ልክ በታች ነው፤ ይኹን እንጂ በየወሩ 100 ዶላር በጐንደር ላለች እናቷ ትልካለች፤ በክረምቱም የጋዝ ሒሳብ ይጐድልባታል። ርዳታውን ብትቀበል፥ ለእናቷ የላከው የማታውቀው ግብር ከፋይ ነው አያሰኝምን? ወረቀቱ የገባውን ይቈጥራል እንጂ ለዘመድ የተላከውን አይጠይቅም፤ ስለዚህ በሕግ ነጻ ናት። እኔ ግን ነገሩ በዚህ ያለቀ አይመስለኝም። እናትን መጦር ሲተርፍ የሚደረግ ቸርነት ሳይኾን ዕዳ ነው፤ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ የማይጻፍበት ዕዳ። ኹለት ዕዳ ያለባት ድኻ አንዱን በድካሟ ከፍላ ለኹለተኛው የተፈቀደላትን ርዳታ ብትጠይቅ አላጠፋችም እላለኹ። ነገር ግን የተላከው ገንዘብ ከእናቲቱ ቀለብና መድኃኒት አልፎ ለወንድሟ ሠርግ ድግስ የኾነ እንደ ኾነ ይህን ለመናገር አልደፍርም። ድግሱም የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከሐሰት ነው፤ በስልክ «ደኅና ነኝ፥ ምንም አልጐደለኝም» ስትል ዘመዶቿ ባለጠጋ ትመስላቸዋለች፥ ባለጠጋ የመሰላቸውንም ሰው ይጠይቃሉ፤ እርስዋም ድኽነቷን ስለ ሸሸገች እንቢ የምትልበት ቃል ታጣለች።

አንተም በዚያ አገር የምትኖር ብትኾን ክረምቱ እስኪጸና አትቈይ፤ የደመወዝህን ወረቀትና የኩባንያውን ሒሳብ ይዘህ አስቀድመህ አመልክት፤ ወዴት እንደምትሄድ ባታውቅ በስልክ 211 ብለህ ጠይቅ። ያቺም ሴት እናቷን ስታነጋግር «እምዬ፥ የቤቴን ማሞቂያ መክፈል አቅቶኝ ርዳታ ጠይቄአለኹ» ብትላት፥ እናቲቱ ስለ ገንዘቡ አስቀድማ የምትጠይቅ አይመስለኝም። «ልጄ፥ በርዶሽ ኖሯልን?» ትላታለች።