አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የመጣው

በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 20 ያለውን የወይን ቦታ ሠራተኞች ምሳሌ የፈረንጅ ሰባኪ ሲያስተምር ከሁሉ በፊት ሰዓቱን መፍታት አለበት። ፎገራ ውስጥ፣ ወረታ ላይ ፍቺ አያሻውም። አሥራ አንድ ሰዓት ያው አሥራ አንድ ሰዓት ነው፤ ፀሐይ ወደ ጣና ስታዘቀዝቅ፣ ከብት ወደ ቤት ሲመለስ። ስለዚህ ታሪኩን ወደ ፎገራ ባወርደው ከወይኑ በቀር ብዙ የሚለወጥ የለም።

ፍልሰታ ሊፈታ ሁለት ቀን ሲቀረው የአንዲት እማሆይ የሩዝ ማሳ በአረም ተዋጠ። የደብረ ታቦሩ መንገድ ከጎንደሩ አስፋልት ከሚገነጠልበት ቦታ ጎህ ሲቀድ ሄደው፣ ከደጋ የወረዱ ጎረምሶችን በቀን 300 ብር ተስማምተው አመጡ። የሩዝ አረም ደግሞ ተንኮለኛ ነው፤ ሳሩ ሩዙን ይመስላል፣ ያልለመደ እጅ አረሙን ትቶ ሰብሉን ይነቅላል። ጭቃው እግር ይዞ አይለቅም። ሥራው አልገፋ ሲል እማሆይ ሰው ሊጨምሩ በሦስት ሰዓት ወደ መገንጠያው ተመለሱ፤ በስድስት፣ በዘጠኝም።

በአሥራ አንድ ሰዓት መገንጠያው ላይ የቀረው አንድ ጠና ያለ ሰው ብቻ ነበር።

«ቀኑን ሙሉ ምን ገትሮህ ዋለ?»

«የሚወስደኝ ጠፍቶ ነው፣ እማሆይ። ሁሉም የሚመርጠው ጎረምሳ ነው።»

ሲመሽ እማሆይ ከመጨረሻው ሰው ጀምረው ከፈሉ። 300 ብር። ጠዋት የገቡት ተያዩ፤ ልባቸው ጭማሪ ከጀለ። ተራቸው ሲደርስ 300 ብር ተቀበሉ።

አንዱ አላስቻለውም። «እማሆይ፣ እኛ ወገባችን እስኪቆረጥ አጎንብሰን ዋልን። እሱ እግሩ እንኳ በወጉ አልረጠበ።»

«በስንት ነበር የተስማማነው፣ ልጄ?»

«በ300።»

«ጎደለብህ?»

«አልጎደለም። ግን መጀመሪያ ለእኛ ከፍለው ቢያሰናብቱን ምን ነበረበት? የእሱን ሳናይ ደስ ብሎን እንሄድ ነበር።»

በዚች ጥያቄ እኔም ከወንጌሉ ጋር ብዙ ዘመን ተሟግቻለሁ። ባለቤቱ ለምን ከኋለኞቹ ጀመረ? እማሆይ ግን ለመመለስ አልዘገዩም።

«ተደብቄ ብሰጠው ምጽዋት ይሆንበታል። በእናንተ ፊት ሲቀበለው ሒሳቡ ነው። ደግሞስ ልጆቹ የሚራቡት የአንድ ሰዓት ራብ ነው እንዴ?»

«ቢሆንም ቀድሞ የመጣና ዘግይቶ የመጣ እኩል ይሆናል?»

እማሆይ በመቋሚያቸው ወደ ማሳው አመለከቱ። «እኔ ልጅ ሳለሁ ይህ ሜዳ ወንዞቹ ርብና ጉማራ ሲሞሉ የሚተኙበት፣ ሲሸሹ የፎገራ ከብት የሚግጥበት ነበር። ሩዝ የመጣው በ1970ዎቹ ነው፤ የሰሜን ኮሪያ ሰዎች ናቸው ያሳዩን። ጤፍ ግን ከአያት ቅድመ አያት ጀምሮ ባለርስት ነው። ዛሬ ሁለቱ ባንድ ቡሖቃ ተቦክተው፣ ባንድ ምጣድ ይጋገራሉ። ጤፍ ሲያጉረመርም ሰምተሃል?»

ጎረምሳው ሊስቅ ብሎ ተወው። ዞር ብሎ ብሩን እንደገና ቆጠረ። 300 ነው።

ያ የአሥራ አንድ ሰዓት ሰው ባጃጅ አስቁሞ እየጠበቀው ነበር።