ስለ ሙሽራዪቱ ጌጥ

በአራዳ የሚገኘው የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል የንጉሥ አክሊል የተባረከበት ቤት ነው፤ ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት በዚሁ ነው። ነገር ግን ቤተ ክርስቲያን አክሊልን ለንጉሥ ብቻ አላደረገችውም፤ በሥርዓተ ተክሊል የምታገባ የድኻ ልጅም ከሙሽራው ጋራ ካባ ትለብሳለች፥ አክሊልም ትደፋለች።

እንግዲህ ከፒያሳ ወርቅ ቤት ቀለበት መግዛት፥ ቬሎ ወይም ጥልፍ ቀሚስ መልበስ በራሱ ኃጢአት አይደለም። ጌታችን በቃና ዘገሊላ ወደ ሠርግ ተጠርቶ ሄደ፤ የጎደለውንም ወይን ሞላ እንጂ ደስታቸውን አልነቀፈም።

የሚያስነቅፈው ጌጡ ቍርባኑን ሲያስቀር ነው። የቬሎ ኪራይ እስኪሞላላቸው ጋብቻቸውን ከዓመት ወደ ዓመት የሚያስተላልፉ፥ ለጠጕር ሥራና ለፎቶግራፍ ሲሉ ቅዳሴውን የሚተዉ አሉ። ቬሎው በማግሥቱ ወደ አከራዪው ይመለሳል፤ ባልና ሚስት አብረው የተቀበሉት ሥጋውና ደሙ ግን ለዘላለም ሕይወት ስንቅ ይሆናቸዋል። ሐዋርያው ጴጥሮስም ሴቶችን ሲመክር ከውጭ ሽልማት ይልቅ የልብን የዋህነት ያስቀደመው የማያልፈውን ጌጥ ሲያሳያቸው ነው።

ወላጆች ሆይ! ሰው ምን ይላል ብላችሁ ልጃችሁን በዕዳ አትዳሩ። ሙሽራዪቱ አስቀድማ ከንስሐ አባቷ ጋራ ትምከር፤ ልብሱ ከዚያ በኋላ እንደ አቅም ይፈለግ። በነጠላ ብትመጣ ከመቅደሱ ደጅ የሚመልሳት የለም፤ ንስሐ ሳትገባ ግን በወርቅ ተሸልማ ብትመጣ ወደ ቍርባኑ መቅረብ አይቻላትም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።